ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ በማውንቴን ባይክ፦ ለእኔም ለአጎቴም የሚሆን መንገድ ማን ያውቃል?

የጣና ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሳን ሆዜ ነው የምኖረው። ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግኩ ብስክሌት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤትም ገበያም በዘንባባው ሥር በብስክሌት ነበር የምንመላለሰው፤ ታናሽ እህቴን ከኋላ ጭኜ ማለት ነው። ግን ባሕር ዳርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሜዳ ነው። ዳገት የሚባል ነገር ወደ ቤዛዊት ስንወጣ ካልሆነ አናውቅም።

በቅርቡ ከሥራ ባልደረባዬ ላይ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። ፊቱ ሾክ አለው፣ ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ጎማው ትልቁ ባለ 29 ነው። እስካሁን የነዳሁት ሰፈሬ ያለው የወንዝ ዳር አስፋልት ላይ ብቻ ስለሆነ ብስክሌቱም ሳይታዘበኝ አልቀረም። ከሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌትን ተሻግሮ ያለውን የባሕር ዳርቻ፣ ማሪን ሄድላንድስ የሚሉትን፣ በሩቅ አይቼው ልቤ ቀርቷል።

ሌላው ጉዳይ አጎቴ ናቸው። ለመስቀል ሰሞን ከዳላስ ይመጣሉ። የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፣ ምጽዋ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ በየቀኑ ይራመዳሉ፣ ሜዳ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ጉልበታቸው ግን ዳገት አይወድም። «መብራት ቤትና የድሮ መድፍ ካለበት ውሰጂኝ፣ የገበያ አዳራሽ አታሳዪኝ» ብለውኛል። በአንድ ቀን እኔም አፈር መንገድ ላይ ነድቼ፣ እሳቸውም የሚፈልጉትን አይተው የምንመለስበት ዘዴ አለ? ዳገቱ ለጀማሪ ምን ያህል ይከብዳል? የቱ መንገድ ላይ ነው ብስክሌት የሚፈቀደው? ካርታውን ሳየው ክልክልና ፍቁዱ ተደባለቀብኝ።

ባለ ቆሎ (ኦክላንድ)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው ሻዬን አስቀምጬ ነው የተቀመጥኩት። በሥራ ቀን መኪና እነዳለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፔዳል እረግጣለሁ፤ የምረግጠውም እዚያው አንቺ የጠየቅሽበት ቦታ ነው። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁና ታገሺኝ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። አብዛኛው ሰው ብስክሌት ተከራይቶ ድልድዩን ይሻገርና በቀኝ በኩል ወደ ሳውሳሊቶ ይንከባለላል፣ አይስክሬሙን ይበላል፣ በጀልባ ይመለሳል። ክፉ አይደለም፤ ለእሱ ግን ማውንቴን ባይክ መግዛት አያስፈልግም ነበር። ነገሩ ያለው ከድልድዩ ሰሜን ጫፍ ወደ ግራ፣ ወደ ውቅያኖሱ ስትታጠፊ ነው።

ከሳን ሆዜ በመኪና ከመጣሽ ክሪሲ ፊልድ አካባቢ አቁሚና ከዚያ ጀምሪ። ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ አሁን ሣር ነው፤ ሜዳ ስለሆነ እግርሽ ይፍታታል። ድልድዩ ላይ ከመውጣትሽ በፊት እስከ ፎርት ፖይንት ሂጂ። በድልድዩ ሥር ተሸጉጦ የቆመ የቀይ ጡብ ምሽግ ነው፤ ከ1853 እስከ 1861 ነው የተሠራው። ድልድዩ ሲታቀድ ሊፈርስ ነበር፤ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ግን ግንቡን ወደደውና እንዲተርፍ ብሎ ከላዩ ላይ ለብቻው የብረት ቅስት አስገባለት። ከታች ቆመሽ ቀና ስትይ ቅስቱ ምሽጉን ዘልሎት ሲያልፍ ታይዋለሽ። ለአጎትሽ ከዚያ የተሻለ መጀመሪያ የለም፤ እስከዚያ ድረስም አንድ ዳገት የለም።

ድልድዩ ራሱ (በ1937 ነው የተከፈተው) ወደ አንድ ነጥብ ሰባት ማይል ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ብስክሌት የሚሄደው በምዕራቡ፣ በውቅያኖሱ በኩል ነው፣ እግረኛ የለበትም። በሥራ ቀን ከሆነ ግን እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ በምሥራቁ በኩል ከእግረኛ ጋር መጋፋት ነው፤ ፎቶ የሚነሣ ሰው ወደ ኋላ እየሄደ ይገባብሻል። ስለዚህ ቅዳሜ ወይም እሁድ ነይ። ምሰሶዎቹ ጋ ስትደርሺ ተጠንቀቂ። መንገዱ ምሰሶውን ይዞራል፤ ብረቱ ጀርባ ስትገቢ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ጠርዙን ስታልፊ ደግሞ ከጎን ይመታሻል። መሪውን በሁለት እጅ መያዝ፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት የሚመጣ መኖሩን ማየት። ጎበዝ ነኝ ባይ ሁሉ የሚላጨው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

አሁን ዳገቱ። ከሰሜኑ ጫፍ ኮንዘልማን ሮድ የሚባል አስፋልት ይጀምራል፤ አጠገቡ ደግሞ ኮስታል ትሬይል የሚሉት የአፈር መንገድ አለ። ሁለቱም ላይኛው አደባባይ ላይ ይገናኛሉ። ለጀማሪ አስፋልቱን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም መቆሚያ አለው፣ መቆሚያው ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር አለ። ብዙም ሳትወጪ ባተሪ ስፔንሰር የሚባል የድሮ የመድፍ ምሽግ ታገኛለሽ፤ ድልድዩ ከከተማው ጋር አብሮ የሚነሣበት ያ የታወቀው ፎቶ ከዚያ ነው የሚነሣው። ትንሹን ማርሽ አስገቢና መቀመጫሽ ላይ ሆነሽ ረጋ ብለሽ ዙሪ። ቆመሽ አትርገጪ፣ ቶሎ ይጨርስሻል። እያወራሽ መንዳት እስከቻልሽ ድረስ ደኅና ነሽ። ወሬሽ በየቃሉ መቆራረጥ ሲጀምር ውረጂና ግፊ፤ ማንም አያፍርብሽም።

አደባባዩ ላይ ስትደርሺ አቅም ካለሽ ወደ ላይ ትንሽ ጨምሪና ሆክ ሂል ውጪ። ዘጠኝ መቶ ሃያ ጫማ ግድም ነው፤ ከዚያ ላይ ውቅያኖሱ፣ ድልድዩ፣ ከተማው ሁሉም ከእግርሽ ሥር ነው። ኮረብታው ውስጡ ክፍት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለ 16 ኢንች መድፍ ሊተክሉበት ዋሻውን ቆፈሩ፣ ኮንክሪቱን ሞሉ፣ ከዚያ ጦርነቱ መልኩን ቀየረና መድፉ ሳይገጠም ተወው። አሁን በዋሻው አፍ ማለፍ ይቻላል። መስከረም ደግሞ ጭልፊትና ንስር ወደ ደቡብ የሚያልፍበት ወቅት ስለሆነ፣ በጎ ፈቃደኞች መነጽራቸውን ይዘው እየቆጠሩ ታገኛቸዋለሽ። ዝም ብለሽ አጠገባቸው ቁሚ፣ ሳትጠይቂያቸው ያስረዱሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሆክ ሂል ወዲያ ኮንዘልማን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድ ቁልቁለት ነው፤ ባሕሩ ላይ የሚወረወር ነው የሚመስለው። ሁሉም ያሞግሰዋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርሽም። ዓይንሽ መልክዓ ምድሩ ላይ፣ እጅሽ ፍሬኑ ላይ፣ ከኋላሽ መኪና፤ ሦስቱ አይገጣጠሙም። ይልቅ ወደ አደባባዩ ተመለሺና ከዚያ ወደ ሮዴዮ ሸለቆ በሚወርደው ኮስታል ትሬይል ውረጂ። እውነተኛው የማውንቴን ባይክ መንገድ እሱ ነው፣ ብስክሌትም ይፈቀድበታል።

ይህን ቁልቁለት ላስረዳሽ። እዚያ አካባቢ ድንጋዩ ቸርት ይባላል፤ ከባሕር ወለል የወጣ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ቀይ ድንጋይ ነው። መንገዱ ላይ ሲሰባበር ጠፍጣፋ፣ ሹል ጠጠር ይሆናል። ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ ደረቅ፣ እንደ ሲሚንቶ ጠንካራ። ጠንካራው ላይ ጠጠሩ ሲበተን ጎማሽ ይዞ የቆመ ይመስልሽና መታጠፊያው ላይ ሸርተት ይላል። መላው ቀላል ነው፦ ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ያለው ላይ ሳለሽ ፍሬን ያዢ፣ እየታጠፍሽ ሳለ ልቀቂ። የፊቱንም የኋላውንም በአንድ ጣት በአንድ ጣት፣ በስሱ። ፔዳሎቹን እኩል አድርገሽ ቁሚባቸው፣ መቀመጫውን ከኋላሽ ተይው፣ ዓይንሽን መውጫው ላይ ጣይ እንጂ ጠጠሩን አትቁጠሪ። ጎማሽንም በጣም አታሳብጪው፤ በፓምፑ የግፊት መለኪያ ሠላሳ ፒኤስአይ አካባቢ ለአንቺ ይበቃል። የአስፋልት ልማድ ይዘሽ ድንጋይ እስኪሆን ከሞላሽው እያንዳንዱ ጠጠር ይወረውርሻል።

ሸለቆው ላይ ስትወርጂ ሮዴዮ ቢች አለልሽ። ጉልበት ካለቀ እዚያ አብቂ፣ ቀኑ ሙሉ ነው። ካላለቀ ከሸለቆው የሚነሣ አንድ ዙር አለ፦ ሚዎክ ትሬይልን ወጥተሽ፣ በኦልድ ስፕሪንግስ ወደ ቴኔሲ ቫሊ ትወርጃለሽ፣ በማሪንቼሎ ትወጪያለሽ፣ በቦብካት ትመለሻለሽ። አራቱም ላይ ብስክሌት ይፈቀዳል። ማሪንቼሎ ላይ ስትለፊ ይህን አስቢ፦ ይህ ሰፊ መንገድ ለብስክሌት አልተቀየሰም። በ1960ዎቹ ሠላሳ ሺህ ሰው የሚኖርበት ማሪንቼሎ የሚባል ከተማ ሊገነቡ ለመግቢያ ያሰቡት አውራ ጎዳና ነበር። ሰዉ ተነሣ፣ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ ከተማው ቀረ፣ በ1972 መሬቱ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ገባ። እኔ እዚያ ዳገት ላይ ትንፋሼ ሲቆረጥ ተቃዋሚዎቹን እመርቃለሁ።

ለመመለስ በድጋሚ ኮረብታውን መውጣት የለብሽም፤ በበንከር ሮድ በኩል ዋሻ አለ። በ1918 የተቆፈረ፣ ለመኪና በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። መብራቱ ቀይ ከሆነ እስከ አምስት ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ለብስክሌት የምትጫን ቁልፍ አለች፤ ተጫኛት፣ ከፊት የሚመጣው አሽከርካሪ ብስክሌት መኖሩን እንዲያውቅ ነው። የኋላ መብራት ይኑርሽ።

ምግብና ውኃ ይዘሽ ግቢ፣ ውስጥ ሱቅ የሚባል የለም። እኔ ስሜ እንደሚለው ቆሎ ኪሴ አይለየኝም፤ በአንዱ ጠርሙስ ደግሞ በሶ በማር በጥብጬ እይዛለሁ። ፈረንጆቹ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ጣፋጭ ዱቄት ሲያኝኩ እያየሁ ዝም እላለሁ።

ጉም ለባሽ (ሳን ፍራንሲስኮ)

ባለ ቆሎ ሁሉንም ብሎታል፤ ስለ አየሩ ግን ወንዶች ሁሌ ይረሳሉ። የኔ ቆንጆ፣ ሳን ሆዜ ሲሞቅ እዚህም ይሞቃል ብለሽ በቲሸርት እንዳትመጪ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድልድዩ በጉም ተውጦ ምሰሶው እንኳ አይታይም። የመስቀል ሰሞን ማለትሽ ዕድለኛ ነሽ፤ በዓመት ውስጥ ሰማዩ ብሩህ የሚሆንበት ጊዜ ነው። እንደዚያም ሆኖ ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት ያዢ። ዳገቱ ላይ ያላብሽ ላብ ቁልቁለቱ ላይ ይበርድሻል።

ድልድዩ ላይ እንግዳ ድምፅ ከሰማሽ አትደንግጪ። በ2020 በብስክሌቱ በኩል ያለውን አጥር በቀጫጭን ብረት ከቀየሩት ወዲህ ነፋሱ ጠንከር ሲል ያንጎራጉራል። በመጀመሪያው ሰሞን እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤቶቼ የምን ቡድን ጸሎት ነው እያሉ ተከራከሩበት። በኋላ የሚያለዝብ ነገር ጨመሩበት።

ደግሞ ከመንገዱ ዳር ያለ ቅጠል አትንኪ። ፖይዝን ኦክ የሚባለው ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለው ቅጠል ነው፣ መስከረም ላይ ቀይ ስለሚሆን ያምራል፣ ለፎቶ ይጠራል። ነርስ ነኝ፣ በእሱ ቆዳቸው ተቃጥሎ የሚመጡትን አያለሁ። እግርሽ ከነካው ማታ ሳይሆን ወዲያው በሳሙና ታጠቢ፣ ልብስሽንም እጠቢ፣ የብስክሌትሽንም መሪ ጥረጊ። ዘይቱ ነው የሚጎዳው፣ ከጨርቅ ወደ ቆዳ ይተላለፋል። መዥገርም አለ፤ ካልሲሽን እይ።

ዳገት ወዳድ

ሄድላንድስ ጥሩ ነው ግን እናንተ ሰዎች ስለ ማውንቴን ባይክ ስታወሩ ታማልፓይስ ተራራን እንዴት ዘለላችሁት? ስፖርቱ የተወለደው እኮ እዚያው ማሪን ካውንቲ ነው! በ1976 ፌርፋክስ አጠገብ ሪፓክ የሚሉት ቁልቁለት ላይ መወዳደር የጀመሩት እነ ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ናቸው። በድሮ ከባድ የሽዊን ብስክሌት ነበር የሚወርዱት፣ ፍሬኑ የኋላ እግር ፍሬን ነው፣ ታች ሲደርሱ ውስጡ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። እንደገና ግሪስ መሙላት ነበረባቸው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ፌርፋክስ የብስክሌት ሙዚየም አለ፣ እነዚያን ብስክሌቶች ታያለሽ። እኔ ብሆን አንድ ቀን ካለኝ እዚያ ነበር የምሄደው።

ባለ ቆሎ (ኦክላንድ)

ወንድሜ ዳገት ወዳድ፣ ታሪኩ ልክ ነው፣ ሙዚየሙም ደስ ይላል። ግን ልጅቷ ባሕር ነው የጠየቀችው። ከአስፋልት ያልወረደችን ሰው ሪፓክ ላይ ማውጣት ደግሞ ምን ይሉታል? ልማዷን ታበጅ፣ ከዚያ አንተው ውሰዳት።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ግን አነሣህብኝ። ስፖርቱ የተወለደበት ካውንቲ ሆኖ ሳለ ጠባብ ጠባቦቹ የእግር መንገዶች አብዛኞቹ ለብስክሌት ዝግ ናቸው። ከእግረኛና ከፈረሰኛ ጋር የተደረገ የረጅም ዘመን ጭቅጭቅ ውጤት ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ካርታው የተደባለቀብሽ በአንቺ ጥፋት አይደለም፣ መንገዱ ራሱ በሕግ የተደባለቀ ነው። መነሻው ላይ ያለችውን ቡናማ ምልክት አንብቢ፤ የብስክሌት ሥዕል ላይ ቀይ ሠረዝ ካለ አትግቢ፣ ቅጣት አለው። የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 15 ማይል ነው፣ ሰው ስታልፊና የማይታይ ጥግ ላይ ደግሞ 5። ፈረስ ካየሽ ቁሚና ድምፅ አሰሚ። ፈረሱ ሰው መሆንሽን ማወቅ አለበት፤ ሄልሜትና ጥቁር መነጽር ያደረገ ዝም ያለ ነገር ያስደነግጠዋል።

የጣና ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ እናንተስ ያለ ማጋነን ካርታውን ፈታችሁልኝ። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት የሚለውን ትናንት ከሥራ መልስ ሰፈር ውስጥ ጠጠር ያለበት ቦታ ፈልጌ ሞከርኩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ነው የገባኝ።

አሁን አጎቴ ቀሩ። ከፎርት ፖይንት ወዲያ ምን ላድርጋቸው? ኢ-ባይክ (ባለ ኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት) ልከራይላቸው ወይስ መኪና ይዘው ይቅደሙኝ? መንጃ ፈቃድ አላቸው። መብራት ቤቱስ በእርግጥ የሚገባበት ነው?

ባለ ቆሎ (ኦክላንድ)

ለአጎትሽ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ክሪሲ ፊልድና ፎርት ፖይንትን በኪራይ ብስክሌት አብራችሁ። ኢ-ባይክ ከሆነላቸው ድልድዩንም ይሻገሩ፣ እስከ ባተሪ ስፔንሰርም በአስፋልቱ ይውጡ፤ ሞተሩ ስላለ ዳገቱ ጉልበታቸውን አይነካም። ወደ አፈሩ ቁልቁለት ግን አታስገቢያቸው፣ ኢ-ባይኩ ከባድ ነው፣ ጠጠሩ ላይ ሲሸራተት መያዝ ያቅታል። ከዚያ ተመልሰው መኪናውን ይዘው በዋሻው በኩል ወደ ሮዴዮ ቢች ይምጡ፣ አንቺ በኮረብታው ዞረሽ ታገኛቸዋለሽ። ስልክ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ «ስደርስ እደውላለሁ» እዚያ አይሠራም። መኪናው ውስጥም ቦርሳ እንዳይታይ፤ መስታወት ሰብሮ መውሰድ የተለመደ ነው።

መብራት ቤቱ ፖይንት ቦኒታ ነው፣ ይገባበታል፣ ግን በየቀኑ አይደለም። እሁድና ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ነው የሚከፈተው፤ ከመምጣታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እይ። በዚህ ምክንያት ከቅዳሜ ይልቅ እሁድን ምረጪ። ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ማይል ያህል በእግር ነው፤ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት። የሚራመዱ ሰው ስለሆኑ ቀስ ብለው ይችሉታል። መሐል ላይ በእጅ የተፈለፈለ ዋሻ አለ፣ ግድግዳው ላይ የመዶሻውና የመሮው ጠባሳ አሁንም ይዳሰሳል። መጨረሻው ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው፣ ከሥሩ ባሕሩ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይመታል፣ በአንዴ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፉት።

ለባሕረኛ የሚጥመው ታሪክ ይህ ነው። መብራት ቤቱ በ1855 ሲሠራ ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ ነበር። ከፍ ካለ ከሩቅ ይታያል ብለው ነው። ለካስ እዚህ ጉሙ ከላይ ነው የሚተኛው፣ መብራቱን ዋጠው፤ ከሥር ያለው ባሕር ግን ግልጥ ነበር። በ1877 አሁን ወዳለበት ዝቅተኛ ቋጥኝ አወረዱት። በመጀመሪያው ዘመን በጉም ጊዜ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጠው መድፍ ነበር፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሚተኩስ አንድ ጡረተኛ ሳጅን ቀጠሩ። ጉሙ ለቀናት ሲቆይ ሰውዬው ሁለት ሰዓት እንኳ ተኝቶ ማደር አቃተኝ ብሎ አመለከተ። አጎትሽ ዘብ ቆመው የሚያውቁ ከሆነ ለዚህ ሰው ያዝኑለታል።

መድፍ ካሉ ደግሞ ባተሪ ታውንዝሊ አለ፣ ከሮዴዮ ቢች በላይ በእግር የሚወጣ ኮረብታ ላይ። ሁለት ባለ 16 ኢንች መድፎች ነበሩት፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት 25 ማይል ወደ ባሕር ይወረውሩ ነበር። ጠላት መጥቶ አንድም ቀን አልተተኮሰባቸውም፤ ከጦርነቱ በኋላ ለቁራጭ ብረት ተቆረጡ። አሁን ውጭ የተጋደመው የመድፍ አፈሙዝ ከሚዙሪ የጦር መርከብ የመጣ ነው፤ ጃፓን በ1945 እጅ የሰጠችበት መርከብ ማለት ነው። አጠገቡ ቆመው በክንዳቸው ሲለኩት ፎቶ አንሻቸው። የውስጡ ዋሻ የሚከፈተው በወር አንድ እሁድ በጎ ፈቃደኞች ሲኖሩ ነው፤ ቀኑ ከገጠመላችሁ አትለፉት። አፈሙዙ ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው፣ ቁልፍ አያስፈልገውም።

ወደ መብራት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የናይክ (የፀረ አውሮፕላን) ሚሳኤል ጣቢያ አለ፣ ከ1954 እስከ 1974 የሠራ። ሚሳኤሉን ከመሬት ሥር በአሳንሰር ሲያወጡት ያሳያሉ። ለእኔ ከመድፉ ያነሰ ነው፣ ጊዜ ካጠረ እለፉት።

ፕረዚዲዮ ዳር

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ልጨምር። ከክሪሲ ፊልድ ወደ ድልድዩ ስትወጪ በግራሽ፣ ነጫጭ የመቃብር ድንጋዮች የተሰለፉበት የጦር መቃብር አለ። ከአራት መቶ የሚበልጡ የጥቁር ክፍለ ጦር ወታደሮች፣ በፈሎ ሶልጀርስ የሚባሉት፣ እዚያ ነው ያረፉት። በ1903 ቻርልስ ያንግ የተባለው ጥቁር መኮንን ከዚሁ ፕረዚዲዮ ከሚባለው የድሮ ጦር ሰፈር ተነሥቶ ወታደሮቹን ይዞ የሴኮያን ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ሠርቷል። ለብስክሌት ወዳድ ደግሞ፦ በ1897 ከ25ኛው ክፍለ ጦር ሃያ ጥቁር ወታደሮች ከሞንታና እስከ ሴንት ልዊስ 1,900 ማይል በብስክሌት ነድተዋል፤ ማርሽ በሌለው ብስክሌት፣ በጭቃና በባቡር ሐዲድ ላይ። ያ መንገድ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ግን ኮንዘልማን ላይ ሲከብድሽ ይታወስሽ።

የጣና ልጅ (ጠያቂ)

እሁድ እንዲሆን ወሰንን። አጎቴ የመድፉን ታሪክ ሳነብላቸው «ሁለት ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ በኪሎ ስንት ነው?» ብለው ወረቀት አወጡ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ መብራት ቤቱ ጋ ስደርስ ብስክሌቴን ይዤ መግባት እችላለሁ? እና ከዚያ ቀን በኋላ ደክሞኝ ወደ ድልድዩ መመለስ ካቃተኝስ?

ባለ ቆሎ (ኦክላንድ)

ብስክሌት ወደ መብራት ቤቱ አይገባም፤ እመነሻው ላይ ትቆልፊያለሽ፣ ስለዚህ ጠንካራ መቆለፊያ ያዢ። አጎትሽ መኪና ይዘው ስለሚመጡ ግን ቀላሉ እዚያው መኪና ላይ ጭነሽው መግባት ነው። የኋላ ብስክሌት መስቀያ ከሌለሽ የፊት ጎማውን ፍቺና መቀመጫዎቹን አጥፊ፤ ባለ 29 ትልቅ ነውና ሳይፈታ መግባቱ ያስቸግራል። የዲስክ ፍሬን ስለሆነ ጎማው ወልቆ ሳለ የፍሬኑን እጀታ እንዳትጫኚው፣ የፍሬን ሸራዎቹ ይጋጠሙና ጎማውን መልሰሽ ማስገባት ያስቸግርሻል። በመካከላቸው የታጠፈ ካርቶን አስገቢበት።

መኪናው ባይኖር ደግሞ ከዋሻው ወጥተሽ ወደ ሳውሳሊቶ ቁልቁል ነው፣ ከዚያ ጀልባ አለ፣ ክሊፐር ካርድ (የአካባቢው የትራንስፖርት መክፈያ) ይሠራል። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ጠዋት እይ እንጂ ማታ አይደለም። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ ደግሞ 950 ኪሎ ግድም ነው ብለሽ ንገሪያቸው።